ግራው በክር፣ ቀኙ በእሳት

ሥራዬ መናገር ነው። ቦንጋ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ፤ የካፊኖኖውን በአማርኛ፣ የአማርኛውን በካፊኖኖ እላለሁ። ዳኛው የጠየቁትን ለምስክሩ፣ ምስክሩ የመለሰውን ለዳኛው ሳደርስ እውላለሁ። ሌላው ሰው ምሳ ሊበላ ሲወጣ እኔ ድምፄን ላሳርፍ እወጣለሁ። እንዲህ ባለ እንጀራ የምትተዳደር ሴት ጉሮሮዋ በየወሩ ሲዘጋ ምን እንደሚሰማት ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ቶንሲል ከልጅነቴ አብሮኝ ያደገ በሽታ ነው። ዝናብ ሲመታኝ ይነሳል፣ አቧራ ሲበዛ ይነሳል፣ ሳዝንም የሚነሳ ይመስለኛል። ነጭ ሽንኩርት በማር በልቻለሁ፣ ዝንጅብል አፍልቼ ጠጥቻለሁ፣ በጨው ውኃ ተጉመጥሙጫለሁ። ክኒኑማ ተውት። በመጨረሻ መቀመጫ ላይ የሚወጋውን መርፌ በየወሩ አዘዙልኝ፤ እሱን በተወጋሁ ቁጥር እያነከስኩ ችሎት እገባለሁ። ሰው “ዛሬ ደግሞ እግርሽን ምን ነካው?” ሲለኝ መልስ መስጠት ይሰለቸኝ ነበር።

አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ አንድ ቀን ነገሩ ከልክ አለፈ። የማንኪራ ቀበሌ ሰዎች በንብ ቀፎ ተካሰው ችሎት ቀርበዋል። አንድ ሽማግሌ ምስክር ቀፎው የተሰቀለበትን ዛፍ፣ የሰቀለውን ሰው፣ የሰውየውን አባት ሳይቀር እያነሱ በዝርዝር ይናገራሉ። እኔ ትኩሳት ይዞኝ ነው የገባሁት። ልተረጉም አፌን ስከፍት መንጋጋዬ እንቢ አለ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ታኝኮ ቀረ።

“አስተርጓሚ፣ አልተሰማንም፤ ጮክ ይበሉ” አሉ ዳኛው።

ጮክ ልል ስሞክር እንባዬ ቀደመኝ። ነገሩ ከሁሉ ቀድሞ የገባቸው ሽማግሌው ምስክር ናቸው። “ይቺ ልጅ ታማለች፤ እኔ ሌላ ቀን እመጣለሁ” አሉ በካፊኖኖ። ይህንን ለዳኛው የሚተረጉምላቸው ግን አልነበረም።

ሆስፒታል ስሄድ ከቀኙ ቶንሲል ጀርባ መግል ተቋጥሮ ተገኘ። በስተው አወጡልኝ። ከዚያ በኋላ “ይሄ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ ቶንሲሉ ራሱ ቢወጣ ይሻላል። የአንገት በላይ ሐኪም ግን እኛ ጋ የለም” ብለው ወደ ጅማ መሩኝ።

ጅማ ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው፤ ፊቱ ግን እንቅልፍ የጠገበ ሰው ፊት አይደለም። አፌን በመብራት አየና ቁጭ በሉ አለን። ባሌ አብሮኝ ነበር።

“ማውጣቱን አንፈራውም። የምንፈራው ደሙን ነው” አለ ሐኪሙ።

ባሌ አስተማሪ ነው፤ ጥያቄ ይወዳል። “የሚወጣው በስንት ዓይነት መንገድ ነው?” አለው።

“እኛ ጋ በሁለት” አለ ሐኪሙ። “አንደኛው የድሮው ነው፤ በቢላና በመቀስ። ኮሮሪማ ሲፈለፈል ፍሬው ከልጣጩ ተላቆ እንደሚወጣ፣ ቶንሲሉም ከተቀመጠበት ሥጋ ተላቆ ይወጣል። የሚደማውን የደም ሥር በክር እናስራለን። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ነው። እየተኮሰ ይቆርጣል፤ ደሙንም እዚያው ያደርቀዋል።”

“እንግዲያ ሁለተኛው ነዋ!” አለ ባሌ።

“የቀዶ ሕክምናው አልጋ ላይ እያሉ፣ አዎ። ደሙ ያንሳል፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። ግን የተቃጠለ ቁስል ነው፤ ሕመሙ ይበረታል። ሳምንት አካባቢ ሲሞላው ደግሞ ቅርፊቱ ይነሳል፤ ያኔ የመድማት ዕድሉ ከቢላው በመጠኑ ከፍ ይላል። የቢላው የተገላቢጦሽ ነው። እኛ እጅ ላይ በርከት ያለ ደም ይፈሳል፣ በኋላ ግን ይሻላል። ይሻላል አልኩ እንጂ አይደማም አላልኩም። አዋቂ ሰው ደግሞ ከሕፃናቱ ይልቅ ይደማል።”

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ከዚያ በፊት ደውላ ስለ አንድ አዲስ መሣሪያ ነግራኝ ነበር፤ የግል ሆስፒታል ይሠሩታል፣ ሕመም የለውም፣ ደምም የለውም ብላኝ። ስለዚያ ጠየቅኩት።

“አውቀዋለሁ” አለ። “በጨው ውኃ ነው የሚሠራው፤ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው። ሕመሙን ይቀንሳል የሚሉ አሉ። በደሙ ነገር ግን ከቢላው ይበልጣል ብዬ ልምልልዎ አልችልም። ጥናቶቹ ራሳቸው አይስማሙም።” ቀጠለና፣ “ቤትዎ የት ነው?” አለኝ።

“ቦንጋ።”

“ቦንጋ የት ሰፈር ማለቴ ነው። ለሆስፒታሉ ይቀርባል?”

በባጃጅ ቅርብ ነው አልኩት።

“ጥሩ። በየትኛውም መንገድ ቢወጣልዎ፣ ጉሮሮው እስኪድን ከዚያ ሰፈር እንዳይርቁ። ገጠር መሄድ የለም፣ ሩቅ መንገድ የለም። ከመቁረጫው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ፣ ደሙ ሲመጣ በሽተኛው የት ይሆን የሚለው ነው።”

በሚኒባስ ስንመለስ እስከ ጎጀብ ወንዝ ድረስ ተከራከርን። ባሌ ለኤሌክትሪኩ ይሟገታል። “አልጋ ላይ ደም ፈሶሽ ባትነቂስ?” ይላል። እኔ ደግሞ፣ “የምደማ ከሆነ ሐኪሙ እጅ ላይ ልድማ። ኩሽናዬ ውስጥ ብደማ ማን ያስርልኛል?” እላለሁ። ከጎጀብ በኋላ ደክሞን ክርክሩን ተውነው። የጉሮሮው ባለቤት እኔ ስለሆንኩ ቢላው ጸና።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ከሰመመን ስነቃ አፌ ብረት ብረት ይላል። ቀኝ ጆሮዬን አንድ ሰው በመርፌ የሚወጋኝ ይመስለኛል። ሐኪሙ ከሰዓት መጣ።

“ግራው እንዳሰብነው በክር አለቀ” አለኝ። “ቀኙ ግን መግል ይዞ ስለነበር ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። ደሙ በክር አልቆም አለን፤ ተኮስነው።”

ያን ያህል መክረን፣ ያን ያህል ተከራክረን፣ እኔ ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ። መሳቅ አማረኝ፤ ግን መሳቅም ያማል።

ጥቂት ቀን ጅማ ሰነበትኩና ወደ ቦንጋ ተመለስኩ። መንገዱ በነቀነቀን ቁጥር ቀኙ ቁስል እስከ ጆሮዬ ይሰማኛል፤ ግራው ግን ምንም አይል። ቤት ከገባሁ በኋላም እንዲሁ ነበር። ምራቄን ስውጥ በግራ በኩል አድርጌ ለማሳለፍ እሞክራለሁ፣ ሲቻል ነው እንጂ። በልቤ ግራውን እየመረቅሁ ቀኙን እራገማለሁ። ቢደማ የሚደማው ቀኙ ነው ብዬ ደምድሜ፣ በቀኝ ጎኔ መተኛት እንኳ ፈራሁ።

በእነዚያ ቀናት አጠገቤ የነበሩት ጎረቤቴ ናቸው። አባታቸው በሹመት ከሰሜን መጥተው ቦንጋ የቀሩ፣ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ ልጆች ድረው፣ ብቻቸውን የቀሩ አሮጊት ናቸው። የቀዘቀዘ አጥሚት ይዘውልኝ ይመጣሉ። እኔ እንዳልናገር ስለታዘዝኩ እሳቸው ለሁለታችን ያወራሉ።

አንድ ጠዋት የባሌ ስልክ ጮኸ። ይዞት ወደ በረንዳ ወጣ። ቆይቶ ሲገባ ፊቱን ታጥቧል፤ ዓይኔን ግን አያይም።

“ቢታ ገነት ለሥራ ልከውኛል። የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። ጥቂት ቀን ልቆይ እችላለሁ” አለኝ።

ቢታ ገነት በተወለደበት በቢታ ወረዳ ነው። ሌላ አስተማሪ የለም ወይ? እንዲህ ሆኜ እንዴት ትሄዳለህ? ይህን ሁሉ በዓይኔ ተናገርኩ። እሱ ግንባሬን ስሞኝ ወጣ፤ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ያኔ የተሰማኝ ንዴት ሳይሆን ድካም ነው። ለመናደድም አቅም ይጠይቃል።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ጎረቤቴ አጥሚቱን ይዘው ገቡ። ኩባያውን ሊሰጡኝ ጎንበስ ሲሉ ነጠላቸውን አየሁ። ጥለቱ ወደ ላይ ነው፣ አንገታቸው ላይ። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ነው። በጣቴ አመለከትኳቸው። ወደ ራሳቸው አይተው ደነገጡ።

“ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፣ ለ… ለአንዲት ሴትዮ ፍታት” አሉ።

ጣቴን አላወረድኩም። ከነጠላው ወደ ባሌ ኮት መስቀያ፣ ከመስቀያው ወደ እሳቸው አመለከትኩ። ጥቁር ኮቱ የለም። ባለፈው ቀን ጠዋት ሲወጣ ለምን እንዳላየሁት አላውቅም።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። “ምን ላድርግ ልጄ? እንዳታስለቅሷት ብሎ አስምሎኝ ነው የሄደው።”

የሞቱት የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጫካ ቡናቸውን እየለቀሙ ቦንጋ ድረስ ልከው ያስተማሩት፣ ልንጋባ ስንል ቤተሰቤ ዘንድ ሽማግሌ ሆነው የመጡትም እሳቸው ናቸው። “ልጃችሁን ለልጄ” ያሉት እኔ እየሰማሁ ነው፤ ለወንድሜ አላሉም። ድንገት ነው አሉኝ ጎረቤቴ፤ ማታ ራቱን በልቶ የተኛ ሰው ነው።

ድምፅ ሳላወጣ አለቀስኩ። ድምፅ የሌለው ለቅሶ ደረትን ነው የሚያደክመው። ጎረቤቴ ራሳቸው እያለቀሱ፣ “አታልቅሺ! ይደማል ብለዋል እኮ! አታልቅሺ!” ይሉኛል።

ተነሥቼ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ጥቁር ቀሚሴን አወጣሁ። ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆሙ።

“የት ነው?”

“ቢታ” አልኩ በሹክሹክታ። ከብዙ ቀን በኋላ ያወጣሁት የመጀመሪያው ቃል ነው።

“በዚህ ዝናብ? መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲይዝሽ ደም ቢመጣ ማን አለልሽ? ሾፌሩ ነው የሚያክምሽ? ተቀመጪ። ለቅሶ ቆይቶም ይደረሳል፤ ሟች አይቸኩልም።”

“ሰው ምን ይለኛል?”

“የሚለውን ይበል። አንቺ ደግሞ ሞተሽ ሁለት ሐዘን ልታደርጊብን ነው?”

ቀሚሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እኛ ዘንድ ሠርግ የቀረ ሰው ይረሳለታል፤ ለቅሶ የቀረ ግን አይረሳለትም። ይህን ባሌም ያውቃል፣ ጎረቤቴም ያውቃሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ከምክሩ ይልቅ ያስቀረኝ ድካሙ ነው።

በነጋታው ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ግቢ ወጣሁ። አፌን በቀስታ ስጉመጠመጥ ውኃው ቀልቶ ወጣ። ድጋሚ ተጉመጠመጥኩ፤ ባሰበት። ከዚያ ውኃ ሳልጨምርበትም ይመጣ ጀመር፤ ለብ ያለ፣ ሳልውጠው አፌን የሚሞላ። ሳፋውን ታቅፌ አጎንብሼ ቀረሁ። መጮህ ስለማልችል የግቢውን የቆርቆሮ አጥር በእጄ መታሁ።

ጎረቤቴ ነጠላቸውን እንኳ ሳይለብሱ መጡ። ሳፋውን ሲያዩ “ወይኔ!” አሉና ወደ መንገዱ ሮጡ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ባጃጅ አስቁመው መጡና ከኋላ ተቀመጥን። ሐኪሙ ያስጠነቀቀኝን አልረሳሁትም፤ ወደ ኋላ አልጋደምኩም፣ ደሙን አልዋጥኩም። አጎንብሼ እተፋለሁ፤ ሳፋውን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ባጃጁ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ቀሚሳቸው ላይ ይፈሳል። ሾፌሩ በመስታወቱ አየንና ከዚያ በኋላ ጡሩንባውን ሳይለቅ ነዳ።

ሆስፒታል ተረኛዋ ሴት የቀዶ ሐኪም ነበረች። ፈጠን ብላ ክንዴ ላይ ግሉኮስ አስቀጠለች፣ የደም ዓይነቴን አስመረመረች፣ ከዚያ ጅማ ያለውን ሐኪም በስልክ ይዛ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መብራቱን አፌ ውስጥ ስታበራ እኔ በቀኝ እጄ ቀኝ ጉንጬን እያመለከትኩ ነው፤ እዚህ ነው፣ የተተኮሰው ነው ማለቴ ነው።

“ቀኙ ደህና ነው” አለች። “የሚደማው ግራው ነው።”

“ግራው?” አለ ስልኩ። “በክር የታሰረው?”

“አዎ። የረጋ ደም ተቀምጦበታል።”

ስልኩ ቀጠለ። “እሺ፣ የረጋውን አንሺው። ፋሻውን በአድሬናሊን ነክረሽ ያዢበት። ካልቆመ ኦፕሬሽን ክፍል አስገቢያትና እሰሪው።”

ፋሻውን በረጅም መቆንጠጫ ይዛ ጉሮሮዬ ላይ ተጫነችው። አቅለሸለሸኝ፣ እንባዬ ወረደ፣ ያለ የሌለ ኃይሌን አፌን ክፍት ለማድረግ አዋልኩት። ጎረቤቴ ከኋላዬ ሆነው ግንባሬን ደግፈዋል። ሐኪሟ እጅ ስትቀይር እኔ ያለቀ ይመስለኛል፤ አላለቀም። ብዙ ቆይታ ፋሻውን አንስታ አየች፣ መልሳ ያዘች፣ ደግማ አየች።

“ቆሟል” አለች። ከዚያ እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አስተኝተው እያዩኝ ዋልኩ፤ ኦፕሬሽን ክፍል መግባት አላስፈለገም። ጎረቤቴ ግን ከአልጋዬ ሥር አልነሳ አሉ።

“እኔ ነኝ ያደማሁሽ” አሉ። “ያን ነጠላ ሳልገለብጥ ገብቼ፣ አስለቅሼሽ።”

ሐኪሟ ሰምታ፣ “እማማ፣ ለቅሶው አይደለም። ቅርፊቱ የሚነሳበት ጊዜው ነው፤ ስቃም ብትውል ይደማ ነበር” አለቻቸው።

“ይሁን” አሉ ጎረቤቴ፤ ግን ፊታቸው አላመነም። እስከ ዛሬም አላመኑ።

ባሌ በማግስቱ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ ጥቁር ኮቱም በጭቃ ተበላሽቷል፣ ጢሙ አድጓል። መንገድ ላይ መኪናው ተይዞ ከሰዎች ጋር ሲገፋ ነው የመጣው። አልጋዬ አጠገብ ቆመ።

“ለምን ዋሸኸኝ?” አልኩት በሹክሹክታ።

“ብነግርሽ ትመጪ ነበር።”

“እመጣ ነበር።”

“እሱን ቀብሬ፣ አንቺን ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ…” አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና፣ ላጽናናው እጄን ስዘረጋ፣ ተቀምጦ እንዳለ እንቅልፍ ወስዶታል። እጄን መልሼ ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባሁ።

ከሳምንታት በኋላ ለክትትል ጅማ ስሄድ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ያመመኝ የተተኮሰው፣ የደማው የታሰረው፤ ታዲያ የቱ ነው ትክክል?

“ሕመሙ እንዳልነው ሆነ፤ ደሙ እንዳላልነው” አለ። ሊያመካኝ አልሞከረም። “ዕድሉ ያነሰው መንገድም ዕድል አለው። ነገ ሌላ ሰው ቢመጣ እኔ አሁንም ቢላውን ነው የምመርጠው። በእርስዎ አንድ ጉሮሮ ሐሳቤን አልቀይርም።”

“በአንድ ምስክር አይፈረድም” አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ይበልጥ ደክሞት ታየኝ።

ቢታ ገነት የሄድነው መንገዱ ደረቅ ሲል ነው፤ አርባው አልፏል። ድንኳኑ ተነሥቷል። የሟቹ ባለቤት ከል ለብሰው በራፉ ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ወጉ ከበሩ ጀምሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ፤ ጉሮሮዬ እንደ ቀድሞው አልሆነልኝም፣ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። እሳቸው አላለቀሱም። ያላቸውን እንባ ጨርሰውታል።

“ሰው ሁሉ መጣ” አሉኝ በካፊኖኖ። “ከሚዛን ድረስ የመጣ አለ። አንቺን ፈለግኩሽ።”

“ጉሮሮዬ ይደማ ነበር፣ እትዬ።”

“ነገሩኝ። ግን ስንት ሰው ስንት ነገር ይነግረኛል። በጉሮሮ ሕመም ሰው ለቅሶ ይቀራል ወይ አሉ ዘመዶቹ። እኔም አልኩ፤ አልዋሽሽም።”

እሳቸው አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። “ክፈቺ” አሉኝ። ከፈትኩ። ጎንበስ ብለው በግራም በቀኝም አዩ። ያጣውን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ብዙ ቆዩ።

“ሁለት ጉድጓድ ነው” አሉ። “በዚህ ነው ደሙ የመጣው?”

“በግራው።”

አገጬን ለቀቁ። “ውስጥ ግቢ፣ እዚህ ፀሐዩ ይመታሻል” አሉኝ። ይቅርታ የሚባለው ነገር ይህ ይሁን አይሁን አላውቅም። ምንጣፉ ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

ሟቹ በመጨረሻው ሳምንት ምን እንደበሉ፣ የትኛው ማሳ ላይ እንደዋሉ፣ ከማን ጋር እንደተጣሉና እንደታረቁ ነገሩኝ። “ያቺ ልጅ ተቆርጦ ወጣላት ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር” አሉ ስለ እኔ። ደግመው ደጋግመው ያወራሉ፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ነገሩኝ፤ እኔም እንደ አዲስ ሰማሁ። ድምፃቸው እየቀነሰ፣ በየመሐሉ የሚያርፉት እየረዘመ ሄደ። ባሌ ከውጭ ከወንዶቹ ጋር ያወራል። ግድግዳውን ተደግፈን ሁለታችንንም እንቅልፍ ወሰደን። የቀሰቀሰን ባሌ ነው፤ መኪናው ሊነሳ ነው ብሎ።